ከብርቱካን ልጣጭና ከፉርሽካ ፔክቲኔዝ ማምረት፦ ከጆንያው እስከ ጭማቂው

አንድ ጁስ ቤት 20 ኪሎ ብርቱካን ሲጨምቅ ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋው ልጣጭና አሰር ሆኖ በጆንያ ይወጣል። ያ ልጣጭ ሲደርቅ ከክብደቱ ከ20 እስከ 30 በመቶው ፔክቲን ነው። ማርማላታን የሚያረጋው፣ የማንጎን ጭማቂ የሚያወፍረው፣ የዘይቱንን ጭማቂ በጨርቅ አላልፍ የሚያሰኘው ያው ፔክቲን ነው። አስፐርጊለስ ናይጀር የሚባለው ጥቁር ሻጋታ ፔክቲንን እንዳለ መዋጥ አይችልም፤ መጀመሪያ ከአካሉ ውጭ መቆራረጥ አለበት። ለዚህም ፔክቲኔዝ የምንላቸውን ኢንዛይሞች ያመነጫል። ሥራው በአጭሩ ሻጋታውን ልጣጩ ላይ አሳድጎ፣ ኢንዛይሙን በውሃ አጥቦ አውጥቶ፣ ሻጋታውን ማስወገድ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ኬሚስት ጆኪቺ ታካሚኔ ኮጂ የሚባለውን፣ ጃፓኖች ሩዝና አኩሪ አተር የሚያብላሉበትን ሻጋታ በስንዴ ፉርሽካ ላይ አሳድጎ ስታርች የሚሰብር ኢንዛይም የሚያወጣበትን መንገድ አሜሪካ ውስጥ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ትሪውና ፉርሽካው ዛሬም ያው ናቸው።

እዚህ የምናቀርበው የአንድ ኪሎ ደረቅ ግብዓት ልክ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ወይም የራሱ ላቦራቶሪ ላለው አነስተኛ የፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ይሆናል እንጂ የቤት ወጥ ቤት ሥራ አይደለም። ምክንያቱ ከዘሩ ይጀምራል።

ዘሩ ከየት ይምጣ?

የሻገተ ብርቱካን ላይ ያገኛችሁትን ጥቁር ሻጋታ ወስዳችሁ አታባዙ። መልኩ አስፐርጊለስ ናይጀር ቢመስልም ከዚህ ቤተሰብ አንዳንዶቹ ኦክራቶክሲን ኤ እና ፉሞኒሲን ቢ2 የተባሉ መርዞችን ያመርታሉ። የኮጂው አስፐርጊለስ ኦራይዜ ደግሞ አፍላቶክሲን ከሚያመርተው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ጋር በመልክ ሊለይ የማይችል የቅርብ ዘመድ ነው። በዓይንም ሆነ በማይክሮስኮፕ መርዛሙን ከደህናው መለየት አይቻልም። ሌላው የሚረሳ ነገር፣ እነዚህ መርዞች በማፍላት አይጠፉም፤ ኢንዛይሙን ስታወጡ አብረው ወደ ውሃው ይገባሉ።

ስለዚህ ማንነቱ የተመዘገበና መርዝ እንደማያመርት የተረጋገጠ ዝርያ ከደቂቅ ዘአካላት ክምችት ማዕከል ውሰዱ። እኛ ዘንድ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የደቂቅ ዘአካላት ክምችት አለው፤ ከውጭ ደግሞ የአሜሪካው ኤቲሲሲና የጀርመኑ ዲኤስኤምዜድ ይልካሉ። ስትጠይቁ «ለምግብ ኢንዛይም የሚሆን» በሉ። «ናይጀር ስጡን» ብቻ ካላችሁ በሽታ አምጪም ሆነ መርዝ አምራች ናሙና ሊደርሳችሁ ይችላል፤ ማዕከላቱ ለምርምር ሁሉንም ዓይነት ያስቀምጣሉና።

ዝርያው ሲደርሳችሁ በድንች አጋር (ሻጋታ በሚያድግበት የረጋ ምግብ) ላይ አባዙት። 200 ግራም የተላጠና የተከተፈ ድንች አፍልታችሁ ውሃውን አጥልሉ፣ 20 ግራም ግሉኮስና ከ15 እስከ 20 ግራም አጋር ጨምሩበት፣ አንድ ሊትር ሙሉት፣ አምክኑት (በውስጡ ያለውን ተሕዋስ ሁሉ በሙቀት ግደሉ)። በ30 ዲግሪ ከ5 እስከ 7 ቀን ውስጥ ገጹ በሙሉ እንደ ጥላሸት ይጠቁራል። ከመጀመሪያው ትውልድ ብዙ ቱቦ አዘጋጅታችሁ በግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ፣ ካልተቻለ በአጋር ቱቦ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ። ከቱቦ ወደ ቱቦ እያዘዋወሩ ዓመት ሙሉ መጠቀም ብዙ ቦታ የምናየው ስህተት ነው። ሻጋታው ከድንችና ግሉኮስ ጋር ይላመድና ኢንዛይም የማምረት ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሰዎች ግን ጥፋቱን ልጣጩ ላይ ይጥላሉ።

ልጣጩና ፉርሽካው

ልጣጩ በዚያው ቀን ይሰብሰብ። አንድ ቀን በታሰረ ላስቲክ ውስጥ ካደረ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሻጋታ ይጀምረዋል፤ እንዲህ ያለውን ጣሉት። «ይመክናል፣ ሻጋታው ይሞታል» ማለት አያዋጣም፤ ሻጋታው ይሞታል፣ ያስቀረው መርዝ ግን አይሞትም።

በሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ከትፋችሁ፣ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ጨምቁ፣ አንድ ጊዜ ድገሙት። ሁለት ነገር እየወጣ ነው። አንደኛው ስኳር ነው፤ ሻጋታው ቀላል ስኳር እያገኘ ፔክቲን ለመቁረጥ አይደክምም፤ ስኳሩ እስኪያልቅ ኢንዛይሙን ይዘጋል። ሁለተኛው የልጣጩ ዘይት ነው፤ እጅ ላይ ሲጨመቅ ዓይን የሚያቃጥለው ሊሞኒን ስፖሮች (የሻጋታው ዘሮች) እንዳይበቅሉ ያግዳል። ውሃው ግን አይፍላ። ከፈላ፣ በተለይም ልጣጩ ኮምጣጣ ስለሆነ፣ ፔክቲኑ ራሱ ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይደፋል።

ከዚያ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ በማድረቂያ፣ ወይም መረብ በለበሰ የፀሐይ ማድረቂያ ላይ፣ በጣት ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር አድርቁት። መሬት ላይ በላስቲክ ዘርግቶ ማስጣት አቧራና የዱር ሻጋታ መጋበዝ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ልጣጭ ሁለት ኪሎ ያህል ደረቅ ይሰጣል። ፍጩት፣ ግን ዱቄት አይሁን፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዱቄት ከሆነ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይያያዝና አየር አይገባውም።

ፉርሽካው ከዱቄት ፋብሪካ በቀጥታ ቢገዛ ይመረጣል። ከመኖ መደብር የሚመጣው አንዳንዴ ከፋጉሎ ጋር የተቀላቀለ ወይም ከርሞ የተጠራቀመ ነው። አሽትቱት፤ ደህናው የስንዴ ሽታ እንጂ የምድር ቤት ሽታ የለውም። በወንፊት ነፍታችሁ የቀረውን ዱቄት አስወግዱ።

ፉርሽካ ለምን አስፈለገ? ልጣጭ ብቻውን ናይትሮጅን ያንሰዋል፣ ሲረጥብም ይጣበቃል። ፉርሽካው ፕሮቲን ይሰጣል፣ አየር የሚያልፍበት ክፍተትም ይፈጥራል። 700 ግራም ፉርሽካ ከ300 ግራም ደረቅ ልጣጭ ጋር ጥሩ መነሻ ነው። የቡና ገለፈትም ፔክቲን አለው፤ ነገር ግን ካፌይኑና ታኒኑ የሻጋታውን እድገት ስለሚጫን ለጀማሪ አይመከርም።

የውሃው ሂሳብ

ከሚበላሹት ድፍድፎች አብዛኞቹ የሚበላሹት እዚህ ነው። ሻጋታ ከባክቴሪያ በልጦ የሚያድገው እርጥበቱ ልከኛ ሲሆን ነው። ከ65 በመቶ ሲያልፍ በፍንጣሪዎቹ መካከል ያለው አየር በውሃ ይሞላና ባክቴሪያ ይወርሰዋል፤ ከ50 በታች ሲሆን ሻጋታው ይጠማል፣ ቶሎ ስፖር ያወጣና ያቆማል። ዒላማችን 58 በመቶ ነው።

በዓይን አትገምቱ። ከፉርሽካውም ከልጣጩም አምስት አምስት ግራም መዝናችሁ በ105 ዲግሪ አሳድሩና የቀነሰውን እዩ። ፉርሽካው 11 በመቶ፣ ልጣጩ 8 በመቶ ውሃ አለው እንበል። 700 ግራም ፉርሽካ 77 ግራም፣ 300 ግራም ልጣጭ 24 ግራም ውሃ ይዟል፤ ድምሩ 101። ንጹሕ ደረቁ 899 ግራም ነው። እርጥበቱ 58 ከሆነ ደረቁ 42 በመቶ ነው፤ 899ን ለ0.42 ስናካፍል ጠቅላላው ክብደት 2140 ግራም ይሆናል። ያለንን 1000 ስንቀንስ የሚጨመረው 1140 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ 100 ሚሊ ሊትሩ በኋላ ከስፖሩ ጋር ስለሚመጣ አሁን የምንጨምረው 1040 ብቻ ነው። ይህን 100 ሚሊ ሊትር መርሳት እርጥበቱን ወደ 60 ያደርሰዋል። በማምከን ጊዜ እንፋሎት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

በ1040 ሚሊ ሊትሩ ውሃ ውስጥ 10 ግራም አሞኒየም ሰልፌት፣ 2 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጅን ፎስፌትና ግማሽ ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት አሟሙ፤ ፒኤቹን (የኮምጣጣነት ልኩን) 5 አድርጉት። አሞኒየም ሰልፌት ጠፍቶ ዩሪያ ማዳበሪያ ማስገባት ይቀናናል፤ ቦታው ሁሉ አለና። አይሆንም። ዩሪያ ሲሰበር አሞኒያ ይለቅና ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያ ለባክቴሪያ ሠርግ ነው። በዚያ ላይ የማዳበሪያ ጥራት የምግብ ጥራት አይደለም።

ውሃውን በትንሽ በትንሹ እየረጫችሁ በእጅ አሹት፣ ሸፍናችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ከዚያ እፍኝ ወስዳችሁ አጥብቃችሁ ጨብጡ። በጣቶቻችሁ መካከል እርጥበት ይታያል እንጂ ጠብታ አይወርድም፤ እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በጣት ሲነካ ይፈረካከሳል። ጠብታ ከወረደ ሂሳቡ ተሳስቷልና ደረቅ ፉርሽካ ጨምሩ።

ማምከን በደጋ አገር

መጽሐፉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ» ይላል፤ ፒኤስአይ የግፊት ልክ ነው። ያ የባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የግፊት መለኪያው ደግሞ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ መለኪያው 15 ሲያሳይ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠንካራ የባክቴሪያ ስፖሮችን ለመግደል የሚያስፈልገውን ጊዜ ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ፉርሽካ ደግሞ እንዲህ ያሉ ስፖሮች መኖሪያ ነው።

መሣሪያው በሙቀት የሚሠራ አውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ድስት) ከሆነ ራሱ ያስተካክላል፤ 121 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ አቆዩት። በግፊት ብቻ የሚሠራ ከሆነና አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ በየ300 ሜትር ከፍታው ግማሽ ፒኤስአይ ጨምሩ፤ ለአዲስ አበባ 19 አካባቢ ይመጣል። የማይፈቅድ ከሆነ ቫልቩን በምንም አትነካኩት፤ በ15 ላይ ለ75 ደቂቃ አቆዩት። በሁለቱም መንገድ ድፍድፉ ከሦስት ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይወፍር በከረጢት ዘርጉት፤ ፉርሽካ ሙቀት አያስተላልፍም፣ የተከመረ ከሆነ መሃሉ ሳይመክን ይወጣል። ግፊቱ ከመነሳቱ በፊት አየሩን በደንብ አስወጡ።

መዝራት

ድፍድፉ ከ35 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ጠብቁ። እስከዚያ ስፖሩን አዘጋጁ። በጠቆረው አጋር ላይ 0.1 በመቶ ትዊን 80 (ሳሙና መሰል ማርጠቢያ) ያለበት 10 ሚሊ ሊትር የመከነ ውሃ አፍስሱና በመከነ የመስታወት ዘንግ ገጹን በቀስታ ጥረጉ። ትዊን ከሌለበት ስፖሮቹ ውሃ ስለሚጠሉ እንደ ቡና ዱቄት ከላይ ይንሳፈፋሉ። በመከነ ጎዝ አጥልሉት።

ለአንድ ግራም ደረቅ ግብዓት 5 ሚሊዮን ስፖር ያስፈልጋል፤ ለ900 ግራሙ 4.5 ቢሊዮን። ይህን 100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ለማግኘት በአንድ ሚሊ ሊትር 45 ሚሊዮን መኖር አለበት። ፈሳሹን መቶ ጊዜ አቅጥናችሁ በኖይባወር መቁጠሪያ መሃል ባለው ትልቅ ካሬ ላይ ቁጠሩ። 45 ስፖር ካገኛችሁ 45 ሲባዛ በ10,000፣ ሲባዛ በ100፣ ልክ 45 ሚሊዮን ነው። በጣም ከበዛ አቅጥኑ። «ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚል አለ፤ ሁሉም አንድ ላይ በቅለው በአንድ ሌሊት ሙቀቱን ያንሩታል። በጣም ካነሰ ደግሞ ባክቴሪያው ይቀድማል።

ስፖር በሚነካበት ሥራ ሁሉ ኤን95 ማስክ፣ ጓንትና የደህንነት ካቢኔ ግዴታ ነው። አስም ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ወደዚህ ክፍል አይግባ። የቀዶ ሕክምና ማስክ ስፖርን አያግድም።

ስፖሩን እየረጫችሁ በደንብ ካደባለቃችሁ በኋላ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት የመከኑ ትሪዎች ላይ ዘርጉ። ለዚህ መጠን ውፍረቱ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል፤ ከሦስት አይለፍ። በመከነና በተጨመቀ እርጥብ አቡጀዲ ሸፍኑ። ጨርቁ ድፍድፉን መንካት የለበትም።

ሦስቱ ቀናት

ክፍሉ ወይም ሳጥኑ 30 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ90 በመቶ በላይ ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 12 ሰዓታት ምንም አይታይም፤ ስፖሮቹ ውሃ ጠጥተው እየበቀሉ ነው። ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩ። ከ18ኛው ሰዓት ጀምሮ ፉርሽካው ላይ ስስ ነጭ ድር ይታያል፤ ድፍድፉ ራሱ መሞቅ ይጀምራል።

ከ20ኛው እስከ 36ኛው ሰዓት ከትሪው አትራቁ። ቴርሞሜትሩ የክፍሉን አየር ሳይሆን የድፍድፉን መሃል ይለካ። ክፍሉ 30 እያለ መሃሉ 42 ሊደርስ ይችላል፤ ከ38 ሲያልፍ ኢንዛይሙ መቀነስ ይጀምራል፣ ድፍድፉም ይደርቃል። በዚህ ጊዜ በመከነ ማንኪያ ወይም በጓንት አንድ ጊዜ ገልብጡት፣ የተያያዘውን በቀስታ ፈርክሱ፣ ክፍሉን ወደ 27 አውርዱ፣ የእርጥብ አየር ማራገቢያ ክፈቱ። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ደጋግሞ ማገላበጥ ድሩን እየበጣጠሰ እድገቱን ይጎዳል። መብራት የሚሄድበት አካባቢ ከሆነ ዘሩን ምሽት ሳይሆን ጠዋት ዝሩ። የሙቀቱ ጫፍ በማግስቱ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሰው ባለበት ሰዓት ይውላል።

ሽታውና ቀለሙ ብዙ ይናገራል። ደህናው የእንጉዳይና የአዲስ ዳቦ ሽታ አለው። የሽንት ቤት ወይም የአሞኒያ ሽታ፣ ሲነካ የሚያሟልጭና ክር የሚስብ ከሆነ ባክቴሪያ ገብቷል፤ እርጥበቱ በዝቷል ወይም ማምከኑ ጎድሏል። በአንድ ቀን ረጅም ግራጫ ጸጉር አውጥቶ ክዳኑን የሚነካ ራይዞፐስ ነው፣ ብርቱካናማ ዱቄት ኒውሮስፖራ፣ አረንጓዴ ነጥብ ፔኒሲሊየም ወይም ትራይኮደርማ። እነዚህ ከታዩ ሙሉውን ትሪ አምክናችሁ ጣሉ። የተበከለውን በማንኪያ አንስቶ የቀረውን መጠቀም ለምግብ በሚሆን ኢንዛይም አይታሰብም።

አዝመራው 72ኛው ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። ድፍድፉ እንደ ነጭ ምንጣፍ ተያይዞ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ ነጠብጣብ ሲጀምር ነው። ጥቁር እስኪሆን የሚጠብቁ «ብዙ ሻጋታ፣ ብዙ ኢንዛይም» ብለው ነው፤ ግን ስፖር ሲያወጣ ሻጋታው የምርት ዘመኑን ጨርሷል፣ ራሱ የሚያወጣቸው ፕሮቲን ሰባሪ ኢንዛይሞችም ፔክቲኔዙን መብላት ይጀምራሉ። በዚያ ላይ ጥቁሩ ስፖር ማጥሊያችሁን ይደፍናል፣ ክፍሉን ይበክላል። ለዝርያችሁ ትክክለኛውን ሰዓት ለማወቅ በመጀመሪያው ዙር በትንንሽ ብልቃጦች አሳድጋችሁ በ48፣ በ60፣ በ72፣ በ84 እና በ96 ሰዓት እየለካችሁ ጫፉን ፈልጉ።

ኢንዛይሙን ማውጣት

አንድ ኪሎ ከነበረው ድፍድፍ ላይ በሲትሪክ አሲድ ፒኤቹ ወደ 4.5 የወረደ 4 ሊትር ንጹሕ የመከነ ውሃ አፍስሱ። በክፍል ሙቀት ለአንድ ሰዓት፣ በየ10 ደቂቃው እያማሰላችሁ አቆዩት። በብሌንደር አትምቱት፤ ኢንዛይሙ ቀድሞውኑ ከሻጋታው ውጭ ነው፣ መምታቱ የሚያተርፈው የተፈጨ ሻጋታና አረፋ ነው። በአቡጀዲ ጨምቁ፤ እንደ መጭመቂያው ጉልበት ከ3.5 እስከ 4 ሊትር የሻይ ቀለም ያለው ፈሳሽ ይወጣል።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በ4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይሁን። ሴንትሪፊውጅ ካለ በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ፣ ከሌለ ሌሊቱን አዝቅጣችሁ የላዩን ቅዱ። ቀጥሎ በወረቀት፣ በ0.45 ማይክሮን፣ በመጨረሻ በ0.2 ማይክሮን ማጥሊያ አሳልፉ። የመጨረሻው ማጥሊያ የሚዘለል አይደለም፤ ሕያው ስፖር ወደ ጭማቂ እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው።

ለማጎልበት የ10 ኪሎዳልተን አልትራፊልትሬሽን (ውሃውን አሳልፎ ኢንዛይሙን የሚያስቀር ማጥሊያ) ካላችሁ እሱ ይሻላል። ከሌለ ለምግብ የሚሆን 96 በመቶ አልኮል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አቀዝቅዛችሁ፣ ለአንድ እጅ ፈሳሽ ሁለት እጅ አልኮል በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ አማስሉ። ፈሳሹ እንደ ወተት ይደፈርሳል። ክዳኑን ዘግታችሁ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ብልጭታ በማያወጣ ማቀዝቀዣ አቆይታችሁ ዝቃጩን ሰብስቡ፣ በመጀመሪያው መጠን አንድ አሥረኛ ቀዝቃዛ ውሃ አሟሙት። አልኮሉ ካልቀዘቀዘ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአካባቢው እሳትም፣ ብልጭታ ያለው ማብሪያም አይኑር። ተራ የቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ክፍት የአልኮል ዕቃ ማስቀመጥ ፍንዳታ ነው። ያጎለበታችሁትን ከእኩል ግሊሰሮል ጋር ቀላቅላችሁ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች አስቀምጡ፣ በየወሩ ጉልበቱን ለኩ።

ጉልበቱን መለካት

«አንድ ሊትር ኢንዛይም» ምንም አይነግርም፤ የሚቆጠረው ዩኒት ነው። እዚህ አንድ ዩኒት በደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ጋላክቱሮኒክ አሲድ የሚለቅ የኢንዛይም መጠን ነው። ከፒኤች 5 አሲቴት በፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) ጋር የተዘጋጀ 0.5 በመቶ ፔክቲን 0.9 ሚሊ ሊትር፣ የቀጠነ ኢንዛይም 0.1 ሚሊ ሊትር፣ በ40 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ። ከዚያ የተለቀቀውን በቀለም የሚያሳየውን ዲኤንኤስ 1 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ዳይናይትሮሳሊሲሊክ አሲድ፣ 16 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 300 ግራም ሮሼል ጨው ያለበት ነው። የፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ማቀዝቀዝ፣ በ540 ናኖሜትር ማንበብ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የአዲስ አበባ የፈላ ውሃ 92 ዲግሪ ስለሆነ ቀለሙ ከመጽሐፉ ይቀላል፤ የመለኪያ መስመሩን ከመጽሐፍ አትቅዱ፣ የታወቀ ጋላክቱሮኒክ አሲድ በዚያው ድስት፣ በዚያው ሰዓት አብራችሁ አፍሉ። ሁለተኛው፣ ፈሳሹ ራሱ ከድፍድፉ ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ዲኤንኤሱ ከኢንዛይሙ በፊት የገባበት ማነጻጸሪያ ቱቦ ይኑር፣ ንባቡም ይቀነስ። ያለዚያ የምትለኩት ስኳር ነው።

ለምሳሌ አሥር ጊዜ የቀጠነው ናሙና 0.58 ሚሊ ግራም ለቀቀ እንበል። ለ0.194 ሲካፈል 3 ማይክሮሞል ያህል ነው፤ ለ10 ደቂቃ፣ ለ0.1 ሚሊ ሊትር ሲካፈልና በ10 ሲባዛ በሚሊ ሊትር 30 ዩኒት። 4 ሊትር ከወጣ በአንድ ግራም ደረቅ ግብዓት 133 ዩኒት ገደማ ማለት ነው።

ጭማቂው ላይ

ወደ ምግብ ከመግባቱ በፊት ላቦራቶሪ ይመርምረው። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ባለሙያዎች ኮሚቴ ለምግብ ኢንዛይም ያወጣው ልክ ግልጽ ነው፦ እርሳስ በኪሎ ከ5 ሚሊ ግራም ያልበለጠ፣ ኮሊፎርም በግራም ከ30 ያልበለጠ፣ ሳልሞኔላና ኢ. ኮላይ በ25 ግራም ውስጥ ፈጽሞ የሌለበት፣ የፀረ ተሕዋስያን ባሕርይ የሌለው። ኦክራቶክሲን ኤ እና ፉሞኒሲንም ይፈተሹ። ለሽያጭ ከሆነ ነገሩ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩል ያልፋል።

መጠኑን በሙከራ ቁረጡ። የማንጎ ወይም የዘይቱን ጭማቂ 200 ሚሊ ሊትር በስድስት ብርጭቆ ቅዱ፣ 30 ዩኒት ካለው ኢንዛይም 0፣ 0.1፣ 0.2፣ 0.5፣ 1 እና 2 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፣ በ45 ዲግሪ ለ90 ደቂቃ አቆዩ። ፓፓያ ከሆነ ኮምጣጣነቱ ስለሚያንስ መጀመሪያ በሎሚ ፒኤቹን ወደ 4 አውርዱ።

ፔክቲኑ ማለቁን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ ያጠለላችሁትን 5 ሚሊ ሊትር ጭማቂ፣ 1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት 10 ሚሊ ሊትር 96 በመቶ አልኮል ላይ ጨምሩ፣ ቱቦውን አንዴ በቀስታ ገልብጣችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ኢንዛይም ያልገባበት ቱቦ ውስጥ ወዲያው እንደ እንቁላል ነጭ የሚጎተት ደመና ይሠራና አረፋ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በመካከለኞቹ ላይ ደቃቅ ብናኝ ብቻ ይታያል። ጠርቶ የቀረው የመጀመሪያ ቱቦ መጠናችሁ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የመረጣችሁትን ጭማቂ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁ፤ ያለዚያ ኢንዛይሙ ጠርሙስ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል።

የማይገባበት ቦታም አለ። የብርቱካን ጭማቂ ላይ አታድርጉት፤ ደንበኛው የሚወደውን ድፍርስ መልክ ይዞ የቆመው ፔክቲን ስለሆነ ኢንዛይሙ ሲበላው ጭማቂው ከላይ ውሃ፣ ከታች ዝቃጭ ይሆናል። ለአረቄ በሚጣል የፍራፍሬ ድፍድፍ ውስጥም አታስገቡት። ፔክቲን ሲሰበር ጥቂት ሜታኖል (መርዛማ አልኮል) ይለቃል፤ ጭማቂ ላይ ኢምንት ነው፣ ሲጣል ግን ይጠራቀማል።

የተጨመቀው ተረፈ ድፍድፍ ያምራል፣ ፕሮቲንም አለው፤ ላም ያለው ሰው ዓይኑን ይጥልበታል። እንደ አተላ አይታይ። የመርዝ ምርመራ ሳይደረግለት ለከብት አይሰጥ፤ በፋጉሎ ላይ የሚታየው የአፍላቶክሲን ጣጣ ወተት ውስጥ እንደሚገባ የታወቀ ነው። አምክኑት፣ ከዚያ ከኮምፖስት ጋር ቅበሩት። ትሪዎቹን፣ አቡጀዲውንና ጓንቱን ሳይቀር አምክናችሁ እጠቡ፤ የዛሬው ትሪ ጠርዝ ላይ የቀረ ስፖር የሚቀጥለውን ዙር የእርሾም ሆነ የእርጎ ሥራ ያበላሻል።